ሽቦ ማሰር የኔ ሥራ ነበር

ከላሊበላ ከወጣን ጀምሮ ቀኝ እግሬ አላርፍ ብሏል። እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ነዳጅ የለ፣ ፍሬን የለ፤ ዝም ብዬ ባዶውን ላሜራ እረግጣለሁ።

«እግርሽን ሰብስቢ» አሉ አባባ። «ወለሉን በስተሽ በእግርሽ ልትሮጪ ነው?»

«አንቱ ነዳጁን ቢረግጡት እኔ ወለሉን ምን አደርገዋለሁ?»

«በቁልቁለት ነዳጅ የሚረግጥ ጅል ነው።»

«በሜዳውም ሲረግጡ አላየሁም።»

አባባ መልስ ሲያጡ የፊቱን መስታወት ይወለውላሉ። በእጅጌያቸው ወለወሉት። ንጹሕ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ መሐመድኑር የሚባሉ የአባባ የወጣትነት ጓደኛ ደሴ ላይ ጋራዥ አላቸው። እሳቸው ሙያ ሊያስተምሩኝ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ደግሞ ቤታቸው ሊያኖሩኝ ከተስማሙ ቆይተዋል። እናቴ የምግቡ ነገር አስጨንቋት ስትደውልላቸው፣ እትዬ ዘሀራ «ሥጋውን ተይው፤ ሽሮዋን እንደሆን አብረን ነው የምንበላት፣ አብሽሪ» ብለው አሳቋት። የቀሩት አባባ ብቻ ነበሩ።

ከፋሲካ ጀምሮ ጨቀጨቅኳቸው። ውሃ ሳቀርብ ደሴ፣ ጎማ ስነፋ ደሴ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በመጨረሻ ተናደው ማሉ፦ «ነገ መሐመድኑር ጋሸና ጭነት ሊያራግፍ ይመጣል። እሱ ላይ ከደረስሽ ተሳፍረሽ ሂጂ። ካልደረስሽ ግን እስክሞት የደሴን ስም በዚህ ቤት አታነሺም። ነአኩቶ ለአብን!»

አባባ በነአኩቶ ለአብ ከማሉ አለቀ። በሱ ምለው ጠላ ከተዉ ወዲህ በገዛ ወንድማቸው ሰርግ ላይ እንኳ ውሃ ይዘው ነው ሲያጨበጭቡ የዋሉት። ጋሽ መሐመድኑር ደግሞ ዙሁር ሰግደው፣ ምሳቸውን በልተው ይነሳሉ። ከመሸ መንገዱ ስለማይታመን ማንንም አይጠብቁም። እኔ ካልደረስኩ ቦታዬን የእህታቸው ልጅ ይይዘዋል። «በሚኒባስ ልሂድ» ብል አባባ «ልጄን በሰው መኪና አልሰድም» አሉ። ይኸው በራሳቸው መኪና እየሰደዱኝ ነው፤ ነዳጅ ግን አይረግጡም።

መኪናችን ቮልስ ናት፤ ስሟ ድንቡሼ። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት፣ ዕድሜዋ ከአባባ ጋር እኩል። በደህናው ጊዜ ቱሪስት ከጎኗ ቆሞ ፎቶ ይነሳ ነበር። አሁን ሙሽራ ታመላልሳለች፤ ሙሽራ ሲጠፋ ሽንኩርት።

የማርሿ ነገር ከሌላ መኪና ይለያል። ከማርሹ እጀታ ሥር አንድ ረጅም ዘንግ በወለሉ ውስጥ ወደ ኋላ ይሄድና፣ የኋላው ወንበር ሥር ከማርሽ ሳጥኑ ከካምቢዮው ጋር በማያያዣ ይጋጠማል። ማያያዣውን የምትይዘው ጭንቅላቷ አራት ማዕዘን የሆነ አንዲት ብሎን ናት። ጭንቅላቷ ላይ ቀዳዳ አላት፤ በቀዳዳዋ ሽቦ አልፎ ካልታሰረች ኮረኮንቹ እያንቀጠቀጠ ይፈታታል። እሷ ከወጣች ማርሹ እጅሽ ላይ ነው፤ መኪናዋ ግን አትሰማሽም።

እኛ ቤት ብሎኗን የሚያጠብቁት አባባ፣ ሽቦውን የማስረው እኔ ነኝ። በጦርነቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሲከፈት እኔ ድንቡሼ ሥር ነበርኩ። የወንበሩ ሥር ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የኔ እጅ ይገባል፣ የአባባ አይገባም። እሳቸው ረጅሙን ቁልፍ ሰድደው ያጠብቁና ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔ አስራለሁ፤ ክዳኑን እሳቸው ይገጥማሉ። ትናንትም የአሮጌዋ ብሎን ጭንቅላት ስለተላጨ አወጣናትና፣ ጋሽ መሐመድኑር የላኳትን አዲሷን አስገባን። አባባ እያጠበቁ ሳለ ነው እኔ ደሴን ያነሳሁት። እሳቸው ማሉ። እኔ ፒንሳውን መሬት ላይ ጥዬ ወጣሁ።

የነአኩቶ ለአብ መገንጠያ ላይ አንዲት መነኩሲት ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው ቆመዋል። «እንዳይቆሙ፣ እንዳይቆሙ» አልኩ በልቤ። አባባ ቆሙ። ቆብ የደፋ ሰው አይተው አልፈው አያውቁም።

«ወዴት ነው እማሆይ?»

«ጋሸና፣ ወንድሜ ጋ። ወገቡን አሞት ጠበል ልወስድለት ነው።»

እማሆይ ወለተ ሐና ከነቢጫ ጀሪካናቸው፣ ከነጃንጥላቸው፣ ከነስንቃቸው የኋላውን ወንበር ሞሉት። የጀሪካኑ ክዳን እንዳይጠፋ በሽቦ ከእጀታው ጋር ታስሯል። እስኪደላደሉ ድረስ እግሬ ላሜራውን ከበሮ አደረገው።

«አንቺስ ልጄ፣ ወዴት ነሽ? ለባል ነው?»

«ደሴ ነኝ እማሆይ። መካኒክ ልሆን።»

«መካኒክ!» አማተቡ። «በቀሚስ?»

«ከሥሩ ሱሪ አለ።»

«አይጠይቋት እማሆይ» አሉ አባባ። «ከጠየቋት ትመልሳለች።»

የኤርፖርቱን ሜዳ አለፍን፤ ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ነው። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርኩ ድልድዩ ጋ ቀርቷል።

አባባ ከሦስት ወደ ሁለት ሊመልሱ ፍሪሲዮን ረገጡ። ማርሹ ቀጭን ወጥ ውስጥ እንዳለ ማማሰያ ዞረ። ደግመው ሞከሩ፤ ዞረ። ድንቡሼ በሦስተኛ እየተንገሸገሸች ጥቂት ወጣች፣ ሳል እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈች፣ ቆመች።

«ድንጋይ!» አሉ አባባ የእጅ ፍሬኑን እየጎተቱ። እኔ ከመውረድ አልፌ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ከትቻለሁ። በመስኮቱ ተያየን። ምን እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

«እማሆይ፣ ይውረዱልን» አልኩ።

«አሁን ገና ተመቸኝ እኮ።»

«የምፈልገው ከተቀመጡበት ሥር ነው።»

«እኔ ሥር ምን አለሽ?»

«ደሴ።»

ወረዱ። ወንበሩን አነሳሁ፣ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈታሁ። ማያያዣው አለ። ብሎኗ የለችም። ሽቦ የሚባል ነገር፣ ቁራጩ እንኳ የለም።

«አላሰሩትም?» አልኩ።

«ምኑን?»

«ሽቦውን!»

«የምታስሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ ወጥቼ ሄድኩ እኮ! ክዳኑን የገጠሙት አንቱ ነዎት። ውስጡን አላዩትም?»

«እኔ መቼ አይቼ አውቃለሁ!»

እውነታቸውን ነው። ትናንትም አጠበቁ፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ እንደ ልማዳቸው ጥቂት ጠበቁ፣ ከዚያ ክዳኑን ገጠሙ። እጄ ባልነበረበት ቀዳዳ ላይ።

አባባ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲህ ነአኩቶ አልፈቀደም» አሉ። ቶሎ ነው ያሉት። በጣም ቶሎ።

«ሆን ብለው ነው?»

እማሆይ ጃንጥላቸውን ፊታቸው ላይ ዝቅ አደረጉ። አባባ ቀና ብለው አዩኝ።

«በሱ ምዬ?» አሉ። እኔ ዓይኔን ወደ ቀዳዳው መለስኩ። ተነሱና ሱሪያቸውን አራገፉ። «ብሎኗ አልበረረችም። እዚያው ውስጥ ናት፤ ፈልጊያት።»

ክንዴን እስከ ብብቴ ሰድጄ ዳበስኩ። ግራሶ ወጣ። የሽንኩርት ልጣጭ ወጣ። የየትኛዋ ሙሽራ እንደሆነ የማይታወቅ ነጭ ዶቃ ወጣ። ከዚያ ቀዝቃዛ፣ አራት ማዕዘን ጭንቅላት ጣቴን ነካችኝ።

«አገኘኋት! ሽቦ ስጡኝ።»

«ሽቦው ቤት ነው» አሉ አባባ፣ ከኪሳቸው የአሮጌ ጎማ ላስቲክ እየመዘዙ። ያ ላስቲክ ከኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም፤ ለማንኛውም በሽታ መድኃኒታቸው ነው። «በዚህ ጥፍር አድርገሽ እሰሪያት።»

«ላስቲክ ብሎን አይዝም።»

«የዝናብ መጥረጊያውን ዓመት ሙሉ ይዞልኛል!»

«የዝናብ መጥረጊያ ማርሽ አይቀይርም አባባ።» ዞር ስል ቢጫው ጀሪካን ዓይኔ ገባ። «እማሆይ፣ ያቺ ክዳኑን የያዘችው ሽቦ…»

«የጠበሌን?»

«ጀሪካኑን አቅፈው ቢይዙት ክዳኑ የት ይሄዳል?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ያለ ነዳጅ ነው የሚሄደው» አሉ። ሽቦውን ግን ራሳቸው ፈትተው ሰጡኝ።

ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ጋሸና ላይ ይኸኔ ጋሽ መሐመድኑር ለሶላት ውዱእ እያደረጉ ይሆናል። እጄን ሰደድኩ። ለኔ ይኼ ምንም አይደለም፤ ዓይኔን ጨፍኜም አስረዋለሁ። ማያያዣውን ይዤ ቀና ስል አባባን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆመዋል፣ እንደ ሁልጊዜው እጄ እስኪወጣ እየጠበቁ። ላስቲኩ ከኪሳቸው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

የሚመጣው ሰርግ ታየኝ። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ የሙጃ ቁልቁለት ከፊት፣ ብሎኗ ላይ ያ ላስቲክ።

እጄን አወጣሁ። «አባባ፣ ሽቦውን አንቱ ይሰሩት።»

«ምን?»

«አንቱ ይሰሩት።»

«ሰብሌ፣ ጊዜ የለሽም!»

«የለኝም። ስለዚህ ይቸኩሉ።»

«እጄ አይገባም፤ ታውቂው የለ።»

«ሰዓትዎን ያውልቁ።»

ያ ሰፊ የብረት ሰዓት ካገቡ ጀምሮ ከእጃቸው ወርዶ አያውቅም። አዩት፣ አዩኝ፣ አወለቁት። እጃቸውን ሰደዱ። ቆዳቸውን ትንሽ ላጥ አደረገው እንጂ ገባ።

ሦስታችንም ቀዳዳውን አየነው።

«ኧረ በስማም» አሉ እማሆይ፣ «ይኸን ሁሉ ዘመን ሰዓቱ ነው የከለከለዎት?»

የአባባ ፂም ተነቃነቀ። ሰዓቱን እጄ ላይ ጣሉብኝ። እኔ ከፊት ገብቼ ማርሹን ወደ ሦስት ገፍቼ ያዝኩ፣ ዘንጉና ማያያዣው እንዲገናኙ። ሰዓቱ ግራ መዳፌ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማ አለ።

«ጫፏ ከዘንጉ ጉድጓድ ውስጥ ትግባ፤ ዳር ላይ ከተቀመጠች…»

«ይኸንንማ አውቃለሁ! ማጥበቅ የኔ ነው።» ቁልፉ ተንቋቋ። ከዚያ የፒንሳ ድምፅ፣ ከዚያ ትንፋሽ። «አለቀ!»

ማርሹን ለቅቄ በወንበሩ ላይ ተንጠልጥዬ ወደ ቀዳዳው አየሁ።

«ወደ ግራ ነው የሳቡት። ሽቦው ወደሚጠብቅበት ካልጎተታት ወደሚፈታበት ይጎትታታል። ይፍቱት።»

«ይይዛል፤ እስከ ጋሸና ይይዛል።»

«ተመልሰው ሲወርዱስ? ይፍቱት።»

«መሐመድኑር ይሄድብሻል ብዬሻለሁ!»

«ሰምቻለሁ! ሰዓቱ እኮ እኔ እጅ ነው!»

ድምፄ ከገደሉ ዞሮ ተመለሰ። እግሬ ወለሉን ይደልቃል። በትከሻዬ ገፋ አድርጌያቸው እጄን ብሰድ ወዲያው ያልቃል፤ ልነሳ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ልነሳ አልኩ። መጨረሻ ላይ ቀኝ እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት።

አባባ ፈቱት። ሽቦው ጣታቸውን ወጋቸው፤ ማርያምን ጠሩ። «አሁንስ?»

«በቀዳዳዋ ያሳልፉት። ወደ ቀኝ። ማያያዣውን አንድ ዙር ይቀፈው። አሁን ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ይጠምዝዙ። ቀስ፣ ቀስ! ከበጠሱት ሌላ ጀሪካን የለንም።»

«ልጄ፣ አስተማሪ ነሽ ወይስ ሻለቃ?» አሉ እማሆይ፣ ጀሪካናቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው።

«አባቷ ነኝ» አሉ አባባ ከወንበሩ ሥር። «አላወቅኩም።»

ሁለተኛው ሙከራ አለቀ። አየሁት። ጠመዝማዛው የወፍ ጎጆ ይመስላል፤ አጎታተቱ ግን ትክክል ነው። በጣቴ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም።

«ያስጠላል» አልኩ።

«ይይዛል?»

«ይይዛል።»

እማሆይ ገቡ፣ ድንጋዩ ወጣ፣ ድንቡሼ በአንደኛ ተነሳች። ሁለተኛ ሲገባ ጠቅ የምትል ድምፅ ተሰማች። አባባ የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስል አንገታቸውን ወደ ኋላ አዘነበሉ። ከዚያ ነዳጅ ረገጡ። እውነቴን ነው፣ ረገጡ። በየመታጠፊያው ጠበሉ ከክዳኑ እያመለጠ ማጅራታችን ላይ ይረጫል፤ እማሆይ በየጊዜው «በስመ አብ» ይሉ ነበር፣ በጠበሉ ይሁን በፍጥነቱ እንጃ።

ጋሸና ስንገባ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር መውጣት ጀምሯል። ምግብ ቤቶቹ ፊት የጭነት መኪና ተደርድሯል። የጋሽ መሐመድኑርን አረንጓዴ አይሱዙ ፈለግኩ፤ ከኋላዋ በቀይ «ማሻ አላህ» ተጽፎባታል። የለችም። ሰሃን የምታጥብ ሴትዮ በመስኮት ጠየቅኩ።

«የደሴው? አሁን! ይኸው የበላበትን ሳላጥበው፣ በወልድያ መንገድ ወጣ።»

እግሬ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጊዜ ያላረፈው እግር ዝም አለ። አባባ ወደ እግሬ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ስምል ያልኩት ምን ነበር?» አሉ።

«እሱ ላይ ከደረስሽ ሂጂ።»

«ጋሸና ላይ ብያለሁ?»

ቃላቸውን በአፌ አመላለስኩት። «አላሉም።»

«እማሆይ፣ ይመስክሩ፤ ጋሸና ላይ አላልኩም።»

«እኔ ሲምሉ አልነበርኩም። ይልቅ የምወርደው እዚህ…»

«ስንመለስ ይወርዳሉ!»

አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አስፋልቱ ላይ ወጣን፤ አባባ ማርሹን ወደ ታች ሳቡት፣ ጠቅ አለ፣ አራተኛ! ድንቡሼ በአራተኛ ስትሄድ ዕድሜዬን አይቻት አላውቅም። መስኮቶቿ ተንቀጠቀጡ፣ በሯ እንዳይከፈት በክርኔ ያዝኩት። መታጠፊያ መጣ፤ ወደ ሦስት መለሱ፤ ገባ። ዳገት መጣ፤ ወደ ሁለት መለሱ፤ ገባ። በየማርሹ «ይዟል!» ይላሉ አባባ፣ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። ዳገቱ አናት ላይ አረንጓዴው ቂጥ ታየ። ጥሩምባውን ተጫኑት። የድንቡሼ ጥሩምባ የጥጃ ድምፅ ነው ያለው፤ ቢሆንም ጥጃዋ አላቆመችም።

«ማሻ አላህ» ቀይ መብራት አበራች። ቆመች።

ጋሽ መሐመድኑር ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ወረዱ። «ያ ረቢ! አራጋው! ልጅህን ነው ያመጣኸው ወይስ ልትገጨኝ ነው?»

«ደርሳብሃለች» አሉ አባባ። «መነኩሲት ምስክር አለኝ።»

«የት ቆያችሁ? እኔማ ቀረች ብዬ…»

«ሽቦ ሲያስሩ» አልኩ።

«ሽቦ? አራጋው?» ጋሽ መሐመድኑር ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ነይ ውጪ። መንገዱ ሳይመሽ።»

ከረጢቴን ወረወርኩ። የአባባን ጉልበት ስሜ ቀና ስል ግንባሬን ሳሙኝና «ሂጂ ሂጂ» አሉኝ፤ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ነው ያሉኝ። ዘልዬ ወጣሁ። አይሱዙዋ ተነሳች።

እጄን ላወዛውዝ በመስኮቱ ብቅ አልኩ። አባባ አያዩኝም። እማሆይን ደግመው ከመኪናው አስወርደዋቸዋል፤ ወንበሩ አስፋልቱ ላይ ነው፣ እሳቸው እስከ ትከሻቸው ቀዳዳው ውስጥ ናቸው፣ በበሩ የሚታየው ቂጣቸው ብቻ ነው። የሚያወዛውዙት እማሆይ ናቸው፣ በጃንጥላ።

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ።

«አልላላችም!» አሉ ከውስጥ።

መዳፌ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ከፈትኩት።

«የማን ሰዓት ነው?» አሉ ጋሽ መሐመድኑር።

«የአባባ።»

«ረስቶት ነው? እንመለስና እንስጠው?»

ወደ ኋላ አየሁ። መታጠፊያው ድንቡሼን ሊውጣት ነው።

«አይ፣ ይንዱት» አልኩ። «ሰዓቱ ካለ እጃቸው አይገባም።»